አዲስ ጌም በቆየ ግራፊክስ ካርድ፦ የሚቀነሰውና የማይቀነሰው

ግራፊክስ ካርድ የጌሙን ዓለም ወደ ስክሪን ምስል የሚቀይር የኮምፒውተር ክፍል ነው። ዛፉን፣ ጥላውን፣ በውኃ ላይ የሚታየውን ነጸብራቅ፣ የኳስ ተጫዋቹን ማልያ ቀለም ሳይቀር ነጥብ በነጥብ አስልቶ ያወጣል። ጌሙ በሰከንድ 60 ምስል እንዲያሳይ ከተፈለገ ካርዱ አንዱን ምስል ሠርቶ ለመጨረስ ያለው ጊዜ 16.7 ሚሊ ሰከንድ ብቻ ነው። በሰከንድ 30 ምስል ከበቃ ጊዜው እጥፍ ሆኖ 33.3 ሚሊ ሰከንድ ይደርሳል። ተጫዋቾች «ኤፍፒኤስ» የሚሉት ይህንን በሰከንድ የሚታይ የምስል ብዛት ነው። «ጌሙ ላግ ያደርጋል» የሚባለውም ብዙ ጊዜ ካርዱ በተሰጠው ጊዜ ሥራውን ሳይጨርስ ሲቀር ነው።

እ.ኤ.አ. ከ2014 እስከ 2019 በአነስተኛ ዋጋ የወጡ ካርዶች ዛሬም በብዙ ቤት ያገለግላሉ። የጌም አምራቾች ግን ሥራቸውን የሚለኩት ከዓመት ዓመት በሚጠነክሩ ካርዶች ነው። በዚህ መካከል የቆየ ካርድ ያለው ሰው ሦስት የተለያዩ እጥረቶች ይገጥሙታል። አንደኛው የፍጥነት ማነስ ሲሆን፣ ሴቲንግ በመቀነስ በደንብ ይታገዛል። ሁለተኛው የካርዱ ሜሞሪ ማነስ ነው፤ እሱን የሚያቃልሉት ነገሮች ጥቂት ናቸው። ሦስተኛው ጌሙ የሚያዘውን ሥራ ካርዱ ጨርሶ አለማወቁ ነው፤ ለዚህ የሚቀነስ ነገር የለም። እጥረቱ ከሦስቱ የትኛው እንደሆነ የለየ ሰው ገንዘቡንም ጊዜውንም ያድናል።

ሁሉን የሚወስነው 75 ዋት

በኢትዮጵያ ለቤት የሚገዛ ዴስክቶፕ ብዙ ጊዜ ውጭ አገር በቢሮ ያገለገለ ዴል ኦፕቲፕሌክስ ወይም ኤችፒ ኤሊትዴስክ ነው። እነዚህ ማሽኖች ጠንካራ ናቸው፤ የተሠሩት ግን ለጽሕፈትና ለሒሳብ ሥራ ነው። ለምሳሌ የኦፕቲፕሌክስ 7010 ትንሹ ሣጥን ፓወር ሰፕላይ 240 ዋት ብቻ ሲሆን፣ ለግራፊክስ ካርድ የሚሆን የተለየ የኃይል ገመድ የለውም። ስለዚህ ካርዱ ኃይል የሚያገኘው ማዘርቦርዱ ላይ ከተሰካበት ቦታ ብቻ ነው። ያ መሰኪያ ደግሞ ከ75 ዋት በላይ አይሰጥም።

በዚህ ገደብ ውስጥ የሚሠሩና በብዛት የሚታወቁ ሦስት የኢንቪዲያ ካርዶች አሉ። ጂቲኤክስ 750 ቲአይ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2014 የወጣ፣ 2 ጊጋባይት ሜሞሪ ያለውና 60 ዋት የሚወስድ ነው። ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ በጥቅምት 2016 በ139 ዶላር ለገበያ ቀረበ፤ 4 ጊጋባይት ሜሞሪ አለው፣ 75 ዋት ይወስዳል። ጂቲኤክስ 1650 በሚያዝያ 2019 በ149 ዶላር ወጣ፤ ሜሞሪው ያው 4 ጊጋባይት ሆኖ በፍጥነት ግን ይበልጣል። ከ1650 ዓይነቶች አንዳንዶቹ ተጨማሪ የኃይል ገመድ ስለሚፈልጉ ከመግዛት በፊት የካርዱን ጠርዝ ማየት ያስፈልጋል። ለጠባብ ሣጥን ደግሞ «ሎው ፕሮፋይል» የሚባለው አጭሩ ዓይነት ካልሆነ ካርዱ አይገባም።

የኤኤምዲዎቹ አርኤክስ 570 እና 580 እ.ኤ.አ. በ2017 የወጡ ሲሆኑ ከእነዚህ ሁሉ ይፈጥናሉ። ነገር ግን የመጀመሪያው 150፣ ሁለተኛው 185 ዋት ይወስዳል። ሁለቱም የተለየ ገመድና ጠንካራ ፓወር ሰፕላይ ስለሚሹ የቢሮ ሣጥን ለእነሱ አይሆንም።

ቆየት ያለ ርካሽ ካርድ መያዝ የአንድ አገር ነገር አይደለም። ስቲም የተባለው የጌም መሸጫ በየወሩ በሚያወጣው የተጠቃሚዎች ቆጠራ፣ እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው ጂቲኤክስ 1060 ለዓመታት አንደኛ ሆኖ ቆይቶ በ2022 መጨረሻ ቦታውን ለ1650 ለቅቋል። አምራቾች የጌማቸውን ዝቅተኛ መስፈርት ሲጽፉ ይህን ብዛት ያለውን ተጫዋች ማሰባቸው አይቀርም። እግር ኳሱ ኢኤ ስፖርትስ ኤፍሲ 24 ዝቅተኛ መስፈርቱ 1050 ቲአይ ወይም አርኤክስ 570 መሆኑ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው።

ሜሞሪ ሲሞላ

ካርዱ የራሱ ሜሞሪ አለው፤ «ቪራም» ይባላል። ግድግዳውን፣ ልብሱንና መሬቱን የሚያለብሱት ሥዕሎች፣ ማለትም ቴክስቸሮች፣ የሚቀመጡት እዚያ ነው። በ1050 ቲአይ ላይ ካርዱ ከራሱ ሜሞሪ በሰከንድ 112 ጊጋባይት ያነባል። ቪራሙ ሞልቶ ቀሪው ወደ ኮምፒውተሩ ራም ሲሻገር ግን መንገዱ በሰከንድ ወደ 16 ጊጋባይት ይጠባል፤ ሰባት ጊዜ ያነሰ ማለት ነው። አውድማው ሲጠብ በሬዎቹ ቢበረቱም ነዶው እየተመላለሰ ስለሚጋዝ ውቂያው እንደሚጓተት ሁሉ፣ ፈጣን ካርድም ሜሞሪው ሲያንሰው ሥራው ይጓተታል።

የሜሞሪ እጥረት ምልክቱ ከፍጥነት ማነስ ይለያል። ፍጥነት ሲያንስ ጌሙ ሁልጊዜ በእኩል ይዘገያል። ሜሞሪ ሲሞላ ግን ጥሩ ሲሄድ ቆይቶ ተጫዋቹ ወደ አዲስ ሰፈር ሲገባ ወይም ካሜራውን ሲያዞር በድንገት ይቆራረጣል። ኤምኤስአይ አፍተርበርነር የተባለው ነጻ ፕሮግራም የቪራሙን አጠቃቀም ጌሙ እየሄደ በስክሪኑ ጥግ ያሳያል። ቁጥሩ 4 ጊጋባይት አካባቢ ደርሶ ከተጣበቀ ችግሩ ተገኘ፤ መፍትሔውም ቴክስቸሩን አንድ ደረጃ ማውረድ ነው።

የዚህ ተቃራኒም መታወቅ አለበት። ቪራሙ ቦታ ካለው ቴክስቸር ከፍ ማድረግ ፍጥነትን የሚቀንሰው በጣም ጥቂት ነው። ብዙ ሰው «ካርዴ ደካማ ነው» ብሎ ሁሉንም ወደ «ሎው» ሲያወርድ ሳይጎዳው ሊያገኘው የሚችለውን የምስል ጥራት ያጣል።

ሴቲንግን በቅደም ተከተል መቀነስ

ፍጥነት ያነሰው ካርድ ላይ መጀመሪያ መቀነስ ያለበት ብዙ ወስዶ ጥቂት የሚሰጠው ነው። የጥላ ጥራት፣ የነጸብራቅ ጥራት፣ ጉምና ደመናን በሙሉ ውፍረታቸው የሚሠራው ሴቲንግ፣ እንዲሁም በዕቃዎች ጥግ ላይ የሚያጠላው «አምቢየንት ኦክሉዥን» ከፍተኛ ሥራ ይጠይቃሉ። እነዚህን ከ«አልትራ» ወደ «ሚዲየም» ማውረድ በብዙ ጌሞች ላይ ዓይን በቅጡ ሳያስተውለው ፍጥነቱን ከፍ ያደርጋል። የመሬቱን ገጽ ከሩቅ ጥርት አድርጎ የሚያሳየው «አናይሶትሮፒክ ፊልተሪንግ» ግን ወጪው እዚህ ግባ የማይባል ስለሆነ ከፍ ብሎ ቢቆይ ይሻላል።

በከተማው የሚንቀሳቀሰው ሕዝብና መኪና ብዛት፣ እንዲሁም የሩቅ ዕቃዎች መታየት በአብዛኛው የሚከብዱት ፕሮሰሰሩን ነው። ጌሙ እየዘገየ የግራፊክስ ካርዱ አጠቃቀም ከ90 በመቶ በታች ከሆነ ጥፋቱ የካርዱ ላይሆን ይችላል። ያኔ የሚቀነሱት እነዚህ ናቸው። ራሙም መታየት አለበት፤ አንድ 8 ጊጋባይት ራም ብቻ ያለበት ኮምፒውተር ላይ ሁለተኛ ራም መጨመር መጠኑን ከማሳደግ በላይ የንባብ መንገዱን እጥፍ ያደርገዋል።

ቀጥሎ ያለው የምስሉ ስፋት ነው። 1920 በ1080 ስክሪን 2,073,600 ነጥቦች አሉት። 1600 በ900 ሲሆን 1,440,000፣ 1280 በ720 ሲሆን ደግሞ 921,600 ይሆናል። የመጨረሻው ከመጀመሪያው እኩሌታ እንኳን አይሞላም፤ የካርዱም ሥራ በዚያው መጠን ይቀላል። ጉዳቱ ምስሉ ስክሪኑን ለመሙላት ሲለጠጥ መደብዘዙ ነው።

ይህን ድብዘዛ ለመቀነስ ኤኤምዲ እ.ኤ.አ. በሰኔ 2021 ኤፍኤስአርን አወጣ። ኤፍኤስአር ምስሉን በትንሹ አሠርቶ በስሌት አጥርቶ ያሳድገዋል። «ኳሊቲ» በሚለው ደረጃ ለ1080 ስክሪን ካርዱ የሚሠራው 1280 በ720 ነው፤ «ፐርፎርማንስ» ላይ 960 በ540 ይሆናል። በ2022 የመጣው ሁለተኛው ትውልድ ያለፉትን ምስሎች መረጃ ስለሚጠቀም ከመጀመሪያው በብዙ ይጠራል። የኢንቪዲያ ዲኤልኤስኤስ አርቲኤክስ ካርዶችን ብቻ ሲያገለግል፣ ኤፍኤስአር 2 ግን ከተፎካካሪው የመጡትን 1050 ቲአይንና 1650ን ጭምር ያገለግላል። ለቆየ ካርድ ባለቤት ባለፉት ዓመታት ከመጡት ነገሮች ሁሉ ትልቁ እርዳታ ይህ ነው። በ1080 ስክሪን ላይ ከ«ኳሊቲ» በታች ሲወረድ ግን ቀጫጭን ሽቦዎችና ቅጠሎች መንቀጥቀጥ ስለሚጀምሩ እዚያው ላይ ማቆም ይመረጣል።

የመጨረሻው እርምጃ ፍጥነቱን መገደብ ነው። ከ32 እስከ 50 የሚዋልል ጌም ለዓይን ከ30 የማይነቃነቅ ጌም የባሰ ይከብዳል። ካርዱ ያለማቋረጥ ሊያደርስ በሚችለው ቁጥር ላይ ገደብ ሲደረግ ምስሉ ይረጋጋል፤ የካርዱ ሙቀትና የኃይል ፍጆታም ይቀንሳል።

የማይቀነሰው

አንዳንድ ጌሞች የሚጠይቁት ነገር ፍጥነት አይደለም፤ በካርዱ ውስጥ የተሠራ የተለየ ችሎታ ነው። በጥቅምት 2023 የወጣው አላን ዌክ 2 «ሜሽ ሼደር» የተባለ የአሣሣል ዘዴ ላይ ተመሠረተ። 1050 ቲአይም ሆነ አርኤክስ 580 ይህን ዘዴ አያውቁም፤ 1650 ግን ያውቃል። አምራቹ በ2024 ለጂቲኤክስ 10 ካርዶች የሚረዳ ማሻሻያ ቢያወጣም ጌሙ ለእነሱ ከባድ እንደሆነ ቀረ። በታኅሣሥ 2024 የወጣው ኢንዲያና ጆንስና በግንቦት 2025 የወጣው ዱም፦ ዘ ዳርክ ኤጅስ ከዚህም አልፈው የብርሃንን ጉዞ የሚያሰላ «ሬይ ትሬሲንግ» የተሠራለት ካርድ ግድ አሉ። ይህ ችሎታ በኢንቪዲያ በኩል በ2018 ከአርቲኤክስ 20፣ በኤኤምዲ በኩል በ2020 ከአርኤክስ 6000 ጋር የመጣ ነው። እነዚህን ሁለት ጌሞች በ1050 ቲአይ ለማስኬድ በሴቲንግ መድከም ፍሬ የለውም።

ፕሮሰሰሩም ተመሳሳይ ወሰን አለው። ኤቪኤክስ 2 የተባለውን ትእዛዝ የሚያውቁት የኢንቴል ኮር ፕሮሰሰሮች እ.ኤ.አ. በ2013 ከወጣው አራተኛው ትውልድ ጀምሮ ያሉት ናቸው። ሦስተኛው ትውልድ አይ5 3470 ያለበት ኮምፒውተር ይህን የሚጠይቁ ጌሞችን አይከፍትም። ስለዚህ ያገለገለ የቢሮ ኮምፒውተር ሲመረጥ በሦስተኛውና በአራተኛው ትውልድ መካከል ያለው ልዩነት ከዋጋው ልዩነት ይበልጣል።

ካርዱን ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያግባባው ሶፍትዌር፣ ድራይቨሩም፣ የራሱ ዕድሜ አለው። ኢንቪዲያ ለ750 ቲአይና ለ1050 ቲአይ ትውልዶች አዳዲስ ጌሞችን የሚያካትት ድራይቨር ማውጣቱን በጥቅምት 2025 አብቅቷል፤ የደኅንነት ማሻሻያው እስከ ጥቅምት 2028 እንደሚቀጥል አስታውቋል። ካርዶቹ እስካሁን ያሉትን ጌሞች እንደ ቀድሞው ያጫውታሉ፤ ወደፊት የሚወጡት ጌሞች ግን ለእነሱ ተብሎ የሚስተካከል ነገር አይኖራቸውም። 1650 የሚቀጥለው ትውልድ ስለሆነ ይህ አልነካውም።

ቆላና መብራት

ካርዱ የሚሠራበት አካባቢ ሙቀትም መታሰብ አለበት። ለምሳሌ ጎብዬ ከወልድያ ወደ ቆቦ በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ፣ በራያ ቆቦ ወረዳ ያለች ከተማ ናት። የቆቦ ሜዳ ከባሕር ጠለል 1,500 ሜትር ገደማ ከፍ ያለ ሲሆን ክረምት ከመግባቱ በፊት ባሉት ወራት የቀኑ ሙቀት ከ30 ዲግሪ በላይ ይወጣል። ይህ ለግራፊክስ ካርድ ትልቅ ነገር ነው። ካርድ የሚቀዘቅዘው በክፍሉ አየር ስለሆነ ክፍሉ በ10 ዲግሪ ሲሞቅ የካርዱም ሙቀት በዚያው ልክ ገደማ ይጨምራል። በአዲስ አበባ ክፍል ውስጥ 70 ዲግሪ ላይ የሚረጋ ካርድ፣ ጎብዬ ላይ ከቀትር በኋላ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር 80ን ማለፉ የሚጠበቅ ነው። ካርዱ ከዚያ አልፎ ሲሞቅ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ጌሙም ምክንያቱ ሳይታወቅ ከግማሽ ሰዓት በኋላ መዘግየት ይጀምራል።

መከላከያው ቀላልና ርካሽ ነው። የሣጥኑን የፊትና የኋላ አየር መግቢያ ከግድግዳ ማራቅ፣ አቧራውን ቢያንስ በየሁለት ወሩ በብሩሽ ወይም በብሎወር ማውጣት፣ ዓመታት ያስቆጠረ ካርድ ከሆነ በቺፑና በብረቱ መካከል ያለውን የደረቀ ቴርማል ፔስት መቀየር ይበቃል። አቧራው ሲነፋ ፋኑን በጣት መያዝ ያስፈልጋል፤ በነፋሱ ከልክ በላይ ከተሽከረከረ ሊበላሽ ይችላል። በአፍተርበርነር የኃይል ገደቡን ወደ 80 በመቶ ማውረድም ይረዳል። የሚቀንሰው ፍጥነት ከሚቀንሰው ሙቀትና ኃይል ያነሰ ነው።

በመብራት በኩልም አነስተኛ ካርድ ይመረጣል። 1050 ቲአይ ያለበት የቢሮ ኮምፒውተር ጌም ሲያጫውት በጠቅላላ 150 ዋት ገደማ ሲወስድ፣ አርኤክስ 580 ያለበት ወደ 300 ይጠጋል። በትንሽ ዩፒኤስ ላይ ይህ ልዩነት መብራት ሲጠፋ ጌሙን ሴቭ አድርጎ በሥርዓት ለማጥፋት ጊዜ በማግኘትና ባለማግኘት መካከል ያለ ልዩነት ነው። ሴቭ እየተደረገ ሳለ ኮምፒውተሩ ከጠፋ የብዙ ሳምንት ጨዋታ ፋይል ሊበላሽ ይችላል። ቮልቴጁ በሚዋልልበት አካባቢ ስታቢላይዘር መጠቀምም ፓወር ሰፕላዩን ያድናል፤ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ደግሞ ጥቂት ደቂቃ ጠብቆ ማብራት ይጠቅማል።

ጌሙን ማድረስ

ከካርዱ ቀጥሎ ያለው ችግር የጌሞቹ መጠን ነው። ሬድ ዴድ ሪደምፕሽን 2 የ150 ጊጋባይት ቦታ ይጠይቃል። በሰከንድ 10 ሜጋቢት በሚወስድ መስመር ይህን ማውረድ ሳያቋርጥ 33 ሰዓት ያስፈልገዋል። በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ከሐምሌ 2015 ዓ.ም መጨረሻ ጀምሮ ለወራት ተቋርጦ መቆየቱም የሚታወስ ነው። ይኸው ጌም በዩኤስቢ 3 ሃርድ ዲስክ ከሌላ ኮምፒውተር ሲገለበጥ ግማሽ ሰዓት እንኳን አይፈጅም። ስቲም ለዚህ የተዘጋጀ የመጠባበቂያ መቅጃ አለው፤ ጌሙን በራሱ አካውንት የገዛ ሰው ፋይሉን ወልድያም ሆነ አዲስ አበባ ካለ ጓደኛው አምጥቶ ሲጭነው ፕሮግራሙ የጎደለውን ብቻ ያወርዳል። የድራይቨሩን ፋይልም አብሮ ማምጣት ይገባል።

ያገለገለ ካርድ ሲገዛ

ኤቲሪየም የተባለው ዲጂታል ገንዘብ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2022 አሠራሩን ሲቀይር፣ ገንዘቡን በስሌት ለማግኘት ሌት ተቀን ያለ ዕረፍት ሲሠሩ የነበሩ የማይኒንግ ካርዶች ወደ ያገለገለ ዕቃ ገበያ ጎረፉ፤ አርኤክስ 570ና 580 ከእነሱ ውስጥ ብዙ ናቸው። ማይኒንግ ላይ መዋሉ ብቻውን ካርዱን አይጥለውም፤ ፋኑና ቴርማል ፔስቱ ግን መታየት አለባቸው።

የከፋው የተጭበረበረ ካርድ ነው። በጣም አሮጌ ካርድ ላይ ሶፍትዌሩን ቀይረው «1050 ቲአይ» ብለው የሚሸጡ አሉ፤ ዊንዶውስም የተጻፈለትን ስም ያምናል። ጂፒዩ-ዚ የተባለው ትንሽ ነጻ ፕሮግራም ይህን ያጋልጣል፤ ብዙ ጊዜም ሐሰተኛ መሆኑን ራሱ ይጽፋል። እውነተኛ 1050 ቲአይ 768 የስሌት ክፍሎችና የ128 ቢት ሜሞሪ መስመር ሊያሳይ ይገባል። አርኤክስ 580 2304 ማሳየት ሲኖርበት 2048 ካሳየ፣ ለቻይና ገበያ የተሠራው በአቅም ከ570 ጋር የሚመሳሰለው ዓይነት ነው። ጂቲ 1030 ደግሞ በአንድ ስም ሁለት ዓይነት አለው፤ ዲዲአር 4 የተገጠመለት የሜሞሪ ፍጥነቱ በሰከንድ 16.8 ጊጋባይት ሲሆን፣ ጂዲዲአር 5 የተገጠመለት 48 ነው። ስማቸው አንድ በመሆኑ ብዙ ገዢ ይሳሳታል። ካርዱን ሻጩ ፊት ሄቨን በተባለው መፈተሻ ፕሮግራም ለሃያ ደቂቃ ማስኬድ፣ ሙቀቱን ማየትና በስክሪኑ ላይ የተበታተኑ ነጥቦች አለመኖራቸውን ማረጋገጥ ተገቢ ነው።

አዲስነት ብቻውንም ዋስትና አይሆንም። በጥር 2022 የወጣው አርኤክስ 6500 ኤክስቲ ከማዘርቦርዱ ጋር የሚገናኘው በአራት መስመር ብቻ ስለሆነ፣ አሮጌ ማዘርቦርድ ላይ ሲሰካ መንገዱ በሰከንድ ወደ 4 ጊጋባይት ይወርዳል። ሜሞሪውም 4 ጊጋባይት በመሆኑ ሲሞላ መቆራረጡ ይብሳል።

የትኛው ጌም፣ እስከ የት

በ1050 ቲአይ ላይ እ.ኤ.አ. በ2015 ለኮምፒውተር የወጣው ጂቲኤ 5 በ1080 ስክሪን በ60 ኤፍፒኤስ አካባቢ ይሄዳል። የእግር ኳስ ጌሞችም ያለ ችግር ይሠራሉ። ሬድ ዴድ ሪደምፕሽን 2ና ኤልደን ሪንግ በዝቅተኛ ሴቲንግ በ30ዎቹ ውስጥ ይጫወታሉ። ሳይበርፐንክ 2077 ሲወጣ በ2020 ዝቅተኛ መስፈርቱ ጂቲኤክስ 780 ነበር፤ በ2023 ግን ወደ 6 ጊጋባይቱ 1060 ከፍ ብሏል፤ ፈጣኑ የፋይል ማስቀመጫ ኤስኤስዲም ግድ ሆኗል። በ1050 ቲአይ ላይ የሚጫወተው በኤፍኤስአር እርዳታና በ30 ገደብ ነው።

ገንዘብ ሲገኝ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ቢሆን ይጠቅማል። መጀመሪያ ኤስኤስዲና ሁለተኛ ራም ይገዛሉ፤ ኮምፒውተሩ ሌላ ሥራ ሲሠራበትም ይጠቅማሉ። ከዚያ ካርዱ ይቀየራል። ሣጥኑ የቢሮ ከሆነ በየካቲት 2024 የወጣው 6 ጊጋባይቱ አርቲኤክስ 3050 ከ70 ዋት ስለማያልፍ ያለ ተጨማሪ ገመድ ይሠራል፤ ሬይ ትሬሲንግም ያውቃል። ፓወር ሰፕላዩንም መቀየር የሚቻል ከሆነ 8 ጊጋባይት ሜሞሪ ያለውና 132 ዋት የሚወስደው አርኤክስ 6600 ከፍ ያለ ፍጥነት ይሰጣል። የሚፈለጉት ጌሞች ከ2020 በፊት የወጡ ከሆኑ ግን ያለው ካርድ አቧራው ተነፍቶና ሴቲንጉ ተስተካክሎ ገና ብዙ ያገለግላል።